የሞተ አይፈርምም

ከቬሊካ ጋር ሠላሳ አምስት ዓመት በአንድ አጥር ተጎራብተናል፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ዓመታት ደግሞ በአንድ ኮሪደር ላይ ሠርተናል። ስለ እሷ የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ እኔ ብዕር ባላነሳሁ። የእኔ ጽሑፍ ቅጽ መሙላት ነው። በቡልጋሪያ፣ በዶልኒ ብሪያግ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝጋቢ ነኝ። ልደት ከመዘገብኩ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል፤ ጋብቻማ እንዴት እንደሚጻፍ ራሱ እየጠፋብኝ ነው። የቀረኝ ሦስተኛው ነው፤ እሱ ሥራ አያስፈታም።

ቬሊካ የሩስኛ መምህርት ነበረች። ትምህርት ቤቱ ሰባት ተማሪ ሲቀረው ተዘጋ፤ ለእሷም ማዘጋጃ ቤቱ መረጃ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ሰጧት። በዚያው ሰሞን በአውሮፓ ኅብረት ፕሮጀክት አንድ የሶፊያ ድርጅት ድረ ገጽ ሠርቶልን ነበር። ድረ ገጹ የሚተዳደርበት ሥርዓት ፕሎን ይባላል፤ የተጻፈው ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰዎቹ ሪባን አስቆርጠው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መመሪያ ጥለውልን ሄዱ። መመሪያው ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ መስኮት እንዳይዘጋ ሲያገለግል ቆየ።

ያን መመሪያ ከመስኮቴ ሥር ያነሣችው ልጇ በሞተ በአርባ አምስተኛው ቀን ነው።

ካሜን አንድ ልጇ ነበር። አባትየው ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው መርከብ ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወጥቶ ቀረ፤ ከዓመታት በኋላ መሞቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከኦዴሳ መጣ። የተቀበልኩት እኔው ነኝ። ካሜንም ሲያድግ እንደ እኩዮቹ ስፔን ሄደ። ሳራጎሳ ውስጥ ሕንፃ ሲሠራ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። ቀኑ ማርች 14 ነው፤ ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወረቀት ይለጠፋል። ከላይ መስቀል፣ መሃል ላይ ፎቶውና ስሙ፣ ከታች የሐዘንተኞቹ ስም። በቤቱ በር ላይ፣ በመብራት ምሰሶው ላይ፣ በዳቦ ቤቱ መስታወት ላይ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ይለጠፋል። በአርባው እንደገና፣ በመንፈቁ እንደገና፣ በሙት ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐዘንተኛው እስከቻለ ድረስ በየዓመቱ። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ይኸው ነው። ይኼ የተነፈገ ሙት ግን ሜዳ ላይ እንደቀረ ይቆጠራል።

ቬሊካ ለልጇ አርባ ወረቀት ለጠፈች። የአርባው ዕለት ንፍሮውን በየቤቱ ስታደርስ አብሬያት ዞርኩ። ዝናብ ስለነበር በየምሰሶው ላይ የፎቶው ቀለም ወርዷል። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ጋሽ ጌንቾ፣ ከካሜን ጋር አሥራ ሁለተኛን የጨረሱት ሃያ ሁለት ልጆች ነበሩ። ስንቱ እዚህ አለ?»

በልቤ ቆጠርኩ። «የአውቶቡሱ ሹፌር።»

«እሱም ቢሆን እየነዳ አያነብም» አለች። «ታዲያ እኔ ይኼን የምለጥፈው ለማን ነው? ለእንጨቱ ነው?»

የንፍሮውን ሳህን ተቀበልኳትና ወደሚቀጥለው ቤት ሄድን። በአምስተኛው ቀን ቢሮዬ ገባች፣ መስኮቴን ዘጋች፣ መመሪያውን በብብቷ ይዛ ወጣች። ምን ልታደርግበት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ክፍሉ ሞቀኝ እንጂ።

ያን ጊዜ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ አታውቅም። ከኮምፒውተር ጋር የነበራት ትውውቅ ደብዳቤ መጻፍና ካርታ መጫወት ነው። መመሪያውን ቃል በቃል በመዝገበ ቃላት እየፈታች፣ በየገጹ ዳር በእርሳስ እየጻፈች ሄደች። የጻፈችውን ኮድ በወረቀት ታትመውና ልክ እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ታርመዋለች፤ ከሥሩም ለራሷ ውጤት ትሰጣለች። እኛ አገር ስድስት እጅግ በጣም ጥሩ ነው፣ ሁለት መውደቅ ነው። በኮሪደሩ ሳልፍ አንገቴን አስገብቼ «ዛሬ ስንት አገኘሽ?» እላታለሁ። «ሁለት» ትላለች። ሁልጊዜ ሁለት። አንድ ቀን ሦስት ብላኝ ሁለታችንም ራኪያ የምንለውን አረቄ ቀመስን።

ለመንፈቁ ያደረገችውን ሙከራ ሳስታውስ አሁን ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አልሳቅኩም። ሥርዓቱ ከፋብሪካው ሲወጣ ዋና ዋና የሚያውቃቸው የገጽ ዓይነቶች አራት ናቸው፦ ተራ ገጽ፣ ዜና፣ ፋይልና ዝግጅት። የካሜንን ማስታወቂያ ዜና ውስጥ እንዳታስገባው፣ በማግስቱ የውሃ መቋረጥ ዜና ይመጣና ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ ቀን ያለውን መረጠች፤ ዝግጅትን። ኮምፒውተሩም እንደ ደንቡ ጠየቃት፦ ዝግጅቱ በስንት ሰዓት ይጀምራል? በስንት ሰዓት ያበቃል? እነማን ይገኛሉ? ሁሉንም ሞላች። በማግስቱ ስትከፍተው ከልጇ ፎቶ ሥር «ይህ ዝግጅት ተጠናቋል» የሚል ተጽፏል።

ጠርታ አሳየችኝ። «አየኸው? ተጠናቋል ይለኛል።»

«አጥፊውና ተይው በቃ። ለማሽን ምን ይነገራል?»

«አልተወውም። የሚያውቀው አራት ነገር ከሆነ አምስተኛውን አስተምረዋለሁ። የሰባተኛ ክፍል ወንዶችን ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ።»

አምስተኛውን ለማስተማር እስከ ፌብሩዋሪ ማለቂያ ፈጀባት። አንድ ቀን ከክፍሏ ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ፤ ወደቀች ብዬ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን አለ፤ ከላዩ «የሞተበት ቀን» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ይኼ ሳጥን ከመመሪያው የተቀዳ ሳይሆን እሷ ራሷ የፈጠረችው ነው፤ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ከዚያ የቀሩት ሳጥኖች በላይ በላዩ መጡ፦ ስም፣ የልደት ቀን፣ ፎቶ፣ የሐዘንተኛ ስም፣ ከዝርዝር የሚመረጥ ዝምድና።

ሥርዓቱ ማንኛውም ገጽ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ሰው አይቶ እንዲያጸድቀው ማድረግ ይችላል። ቬሊካ ይኼን ስታገኝ እኔን ጎትታ አስገባችኝ። ማንም ሰው ካለበት አገር ሆኖ ቅጹን ይሞላል፤ እኔ ከመዝገቤ ጋር አመሳክሬ «ይውጣ» ካላልኩ ግን አይወጣም።

«እዚህ ከተማ አንተ ሳትፈርም የሚሞት የለም» አለችኝ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ሥርዓቱን የእኛን ደንብ አስተማረችው። አርባውን፣ መንፈቁን፣ ሙት ዓመቱን፣ ከዚያም በየዓመቱ ያለውን ቀን ራሱ ይቆጥራል፤ ቀኑ ሲደርስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ያወጣል፣ ማታ ያወርዳል። የካሜን የመጀመሪያ ሙት ዓመት ዕለት ማስታወቂያውን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አነበበው። ከቫሌንሲያ ጻፉ፣ ከሃኖቨር ጻፉ። አንዱ «የሒሳብ የቤት ሥራዬን ይሠራልኝ ነበር» ይላል። ቬሊካ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝና «እኔስ እሱ የሚኮርጅ ነበር የሚመስለኝ» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ እዚያው ወደ ለቅሶ ዞረባት። እኔም መስኮቱ ጋ ሄጄ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ፤ የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ መጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስት መቶ ሟች ገባ። የምክር ቤቱን ውሳኔ ማንም አንብቦት የማያውቅ ድረ ገጽ ጠዋት ጠዋት በአውሮፓ ዙሪያ ይከፈት ጀመር። ከንቲባችን ፕላመን አንድ ስብሰባ ላይ «በአውራጃው ውስጥ በጣም የሚነበበው ድረ ገጽ የእኛ ነው» ብሎ ደረቱን ነፋ። ምኑ እንደሚነበብ አልተናገረም።

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልምጣ።

እማማ ስታንካ የምትባል ሴት ለባሏ በየዓመቱ የሚወጣ ማስታወቂያ ሞልታ ነበር፤ «ሐዘንተኛ፦ ባለቤቱ ስታንካ» ይላል። እሷም በተራዋ ሞተች፤ እኔው መዘገብኳት። በሦስተኛው ወር የባሏ ቀን ደረሰና ሥርዓቱ እንደታዘዘው በጠዋት አወጣው። ልጇ ከቫሌንሲያ ደወለች።

«ጋሽ ጌንቾ፣ እናቴ መቃብር ውስጥ ሆና ነው የምታለቅሰው? ሥራ ቦታ ላይ ስከፍተው ስሟን አየሁት።»

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ቬሊካ ክፍል ሄድኩ። ስቆጣ ጆሮዬ ይቀላል፤ እሷ ያን አይታ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«የሞተ አይፈርምም» አልኳት። «ፊርማ የሕያው ነው። ይኼ ማሽንሽ ሙታን ለሙታን ሲያለቅሱ እያሳየ ነው።»

«እሺ፣ ትንሽ ላስብበት።»

«ምኑ ይታሰባል? እኔ ሞቱን ስመዘግብ የሟቹ ስም ከየማስታወቂያው ሥር ይሰረዝ። አንድም ሐዘንተኛ ያልቀረለት ማስታወቂያ ደግሞ ይውረድ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ‹ይውረድ፣ አይውረድ› ብለሽም ምርጫ አታስቀምጪ። ምርጫ ካለ ሰው መጥቶ ይለምነኛል፤ እኔ ደግሞ ልመና አልወድም።»

ቀዩን እስክሪብቶ ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የካሜን በማን እንደቆመ ታውቃለህ?»

«በአንቺ።»

«በእኔ ብቻ።»

«ኧረ ተይ፣ አንቺ ገና እኔን ቀብረሽ ንፍሮዬን ትበያለሽ» አልኳት። እንዲህ ሲሆን ሰው የሚለውን ነው ያልኩት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ጻፈችው። ሥራ በጀመረበት ጠዋት ሰባ አንድ ማስታወቂያ በአንዴ ወረደ። የሰባ አንዱን ስም አትማ ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንድ በአንድ ከመዝገብ ጋር አስተያየሁት፤ ስሕተት አልነበረውም። ደንቡ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

በየዓመቱ ማርች 14 ከሥራ በፊት ክፍሏ እገባለሁ፤ አብረን ሁለት ሰዓት እስኪሆን እንጠብቃለን። ማስታወቂያው ሲወጣ «ወጣ» ትላለች፤ እኔም «ወጣ» እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። የአንባቢው ቁጥር ግን እየቀነሰ መጣ። የካሜን ጓደኞች ልጆች ወለዱ፣ ቤት ገዙ፣ ከቡልጋሪያኛ ይልቅ በሌላ ቋንቋ መናገር ቀለላቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የነበረው ወደ ዘጠና ወረደ፣ ከዚያ ወደ ሠላሳ። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ሆነ፤ ከዘጠኙ ሁለቱ እኔና እሷ ነን።

በወይን ለቀማው ሰሞን፣ ሴፕቴምበር ውስጥ፣ ቆሽቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት። ሐኪሙ እስከ ማርች ነው ብሎ ነገራት። ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ሥራ ገባች፤ ኮቷን ሰቀለችና «ና፣ ዛሬ ተማሪዬ አንተ ነህ» አለችኝ። ሥርዓቱ እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚነሣ፣ የትኛው ፋይል ምን እንደሚሠራ በወረቀት ላይ ቁጥር ሰጥታ ጻፈችልኝ። ፓስወርዱንም ሰጠችኝ። ለሌላ ሰው ብትሰጥ ይሻል ነበር፤ ሌላ ሰው ግን አልነበረም።

ኖቬምበር ውስጥ አንድ ቀን ቢሮዬ ተቀምጠን ባኒሳ የምንለውን የአይብ ቂጣ እየበላን ነው። እሷ እንኳ አትበላም፤ በጣቷ ትቆራርሰዋለች።

«ጋሽ ጌንቾ፣ የዝምድናው ዝርዝር ላይ አንድ ነገር ልጨምር ነበር።»

«ምን?»

«ጎረቤት።»

«ጎረቤት እዚያ ምን አገባው?»

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ?»

«ተረት መዝገብ ላይ አይሰፍርም» አልኳት አፌን እየጠረግኩ። «ዛሬ ጎረቤት ብትይ ነገ ፖስተኛው ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ፀጉር አስተካካዩ። ዝምድና ማለት በሰነድ የሚረጋገጥ ነው።»

ሳቀች። ፍርፋሪውን ከጠረጴዛዬ ላይ በመዳፏ ሰበሰበች። «አንተማ የገዛ እናትህንም ሰነድ ካላሳየች አትቀበላትም» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም፤ እኔም ረሳሁት።

ፌብሩዋሪ 26 ሐሙስ ዕለት ቤቷ ውስጥ ሞተች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ሞቷን የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ መዝጋቢ የለም። ወረቀቱን ስጨርስ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ቀኑን አስገባሁ። እሷ የጻፈችው መልእክት መጣልኝ፦ «የሟች ስም ከሐዘንተኞች ዝርዝር ተነሥቷል። አንድ ማስታወቂያ ሐዘንተኛ ስለሌለው ከእንግዲህ አይወጣም።» ከሥሩ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «እሺ» የሚል። ያለ ምርጫ አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ።

እናት ናት፣ ለልጇ የሆነ መላ ሳታበጅ አትቀርም፣ እኔ ሳላይ አንድ መስመር ጽፋለታለች ብዬ ራሴን አጽናናሁና «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ። የራሷን ማስታወቂያ ማዘጋጃ ቤቱ አወጣ፤ ዝርዝሩ «የሥራ ባልደረቦች» የሚል ስላለው በዚያ ፈረምን።

ማርች 14 ቅዳሜ ዋለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ተረኛ ነኝ። ከሁለት ሰዓት በፊት ክፍሏ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሦስት ማስታወቂያ ወጣ፤ አንድ የአርባ፣ ሁለት የሙት ዓመት። ካሜን የለም። ገጹን ደግሜ ከፈትኩት፣ ደግሜ ከፈትኩት። ሁለት ከሩብ ሆነ። ለልጇ ምንም የተለየ መስመር አልጻፈችም። ለሰባ አንዱ የሠራችውን ለእሱም ሠርታዋለች።

የባኒሳው ቀን የመጣብኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ስለ ዝርዝሩ አልነበረም የጠየቀችኝ። እኔን ነው የጠየቀችኝ። ከሞትኩ በኋላ ለልጄ ትፈርምልኛለህ ወይ ነው ያለችው፤ እኔ ደግሞ ስለ ፖስተኛ አወራሁላት። እንደዚያ ቀን ያለ ሐፍረት በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቅጹን ከፈትኩ። እናት፣ አባት፣ ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እኅት፣ አጎት፣ አክስት፣ የልጅ ልጅ፣ የሥራ ባልደረቦች። አጎት ብል ማን ያውቅብኛል? እጄ ግን እምቢ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም የሐሰት ዝምድና አልጻፍኩም፤ በእሷ ልጅ ላይ ልጀምር አልቻልኩም። ስለዚህ በቁጥር የጻፈችልኝን ወረቀት አውጥቼ ዝርዝሩ ያለበትን ፋይል ፈለግኩ።

ዝምድናዎቹ በየራሳቸው መስመር ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። የመጨረሻው መስመር «ጎረቤት» ይላል። ከፊቱ ግን ኮምፒውተሩ መስመሩን እንዳያነበው የምታደርግ አንዲት ምልክት አለች። ጽፋው ነበር ማለት ነው። ጽፋ ጨርሳ፣ እኔን ጠይቃ፣ እምቢ ስላት ዘጋችው።

ምልክቷን አጠፋሁ። ወረቀቱ እንደሚለው ሥርዓቱን አቆምኩት፤ ቆመ። እንዲነሣ አዘዝኩት፤ አልተነሣም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ድረ ገጽ ከነሙታኑ ጠፋ።

ምን እንዳጠፋሁ በኋላ ነው የነገሩኝ። ምልክቷን ሳነሣ ከኋላዋ የነበረችውን አንዲት ባዶ ቦታ ትቻታለሁ፤ መስመሯ ከሌሎቹ አንድ ፊደል ያህል ወደ ውስጥ ገባች። እኔ በኖርኩበት የወረቀት ዓለም ባዶ ቦታ ባዶ ነው። ፓይተን ግን እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደሚጀምር ይቆጥራል፤ አንዷ ካፈነገጠች የቀረውንም አላነብም ይላል።

ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስልኩ አላርፍ አለ። ከሃኖቨር አንዲት ሴት፣ «የአባቴ አርባ ዛሬ ነው፤ የት አደረጋችሁት?» አለችኝ። ከቫሌንሲያ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መንገድ ዳር ቆሞ ደወለ፤ እናቱን ፈልጎ ነው። የዛሬ ቀን የማይመለከታቸው ሁሉ ደወሉ፤ ገጹ እንዳልተከፈተ ሰምተው የእኛ ሟች ጠፋብን ወይ ብለው ፈርተዋል። ልማድ ሆኖብኝ ሁሉንም መዘገብኩ፦ የደዋዩ ስም፣ የሟቹ ስም፣ ሰዓቱ። እስከ እኩለ ቀን ሃያ ሦስት ሰው ደወለ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይኼኛው ስለ ካሜን ነው እያልኩ አነሣለሁ። የተረኝነቴ ሰዓት አልቆም እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ። ስለ ካሜን የጠየቀ ሰው የለም።

ከንቲባ ፕላመን ከቤቱ ተጠርቶ በስፖርት ልብሱ መጣ።

«ጌንቾ፣ ምን ነካህ? ጡረታ ልትወጣ ስምንት ወር ሲቀርህ ፕሮግራመር መሆን አማረህ?»

«አንዲት መስመር ነበረች።»

«የምን መስመር?»

«የጎረቤት።»

«የማን ጎረቤት? ሰክረሃል?»

በማግስቱ አንድ ባለሙያ ከሶፊያ ሆኖ ሁሉንም ወደ ዓርብ ማታው ሁኔታ መለሰው። ስልኩን ከፕላመን ለምኜ ተቀበልኩና ያቺን መስመር ብቻ ክፍት እንዲያደርጋት ጠየቅኩት።

«እሷን የዘጋቻት የበፊቷ ሴትዮ ናት፤ በጽሑፍ ካልታዘዝኩ አልነካትም» አለኝ። ፕላመን አጠገቤ ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ ነው። ፓስወርዱ ተቀየረ፤ ከእንግዲህ ማንም ሠራተኛ ኮዱን እንዳይነካ የሚል ደብዳቤም ወጣ። ደብዳቤው ላይ የእኔ ስም ባይኖርም ለእኔ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ አንድ ነጭ ወረቀት አወጣሁ። ከላይ መስቀል ሣልኩ። የመታወቂያ ፎቶውን ካሮጌ ፋይል አግኝቼ ለጠፍኩ። «መታሰቢያ። ካሜን ከተለየን ዘጠኝ ዓመት ሆነው» ብዬ ጻፍኩ። የሐዘንተኛው ቦታ ላይ ስደርስ የሚከለክለኝ ዝርዝር አልነበረም፤ «ጎረቤቱ ጌንቾ» አልኩ። በአንድ ቀን ዘግይቷል። ይዤው አጥሩን ዞሬ በቬሊካ በር ላይ በአራት ሚስማር መታሁት።

መንገዳችን ላይ ሰባት ቤት አለ። አምስቱ ከተዘጉ ቆይተዋል፣ ስድስተኛው የእሷ ነው። አውቶቡስ ወደዚህ አይገባም፣ ፖስተኛውም ከመጣ ቆይቷል። ጠዋት ሥራ ስሄድ ቆሜ አነበዋለሁ፤ ማታ ስመለስም አነበዋለሁ። ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም።